ሐቲ ማክዳንየል፤ ከጓዳ እስከ ሽልማት አዳራሽ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል በእውነት የተፈጸመባት አንዲት ሴት ብትኖር፣ በቆዳዋ ቀለም ምክንያት የመረጠችውን የመቃብር ቦታ የተከለከለችው አሜሪካዊቷ የሲኒማና የራዲዮ ተዋናይት ሐቲ ማክዳንየል ናት። ስሟን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር እንኳ ሥራዋን በሌላ በኩል ሳያውቀው አይቀርም። አቶ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳሉ በሲጃራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፉ ወደ አማርኛ የመለሱትንና «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለውን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ፣ ስካርሌት ኦሃራን ያሳደገችውን፣ የምትቈጣትንና የምትመክራትን ጥቁር ሞግዚት ያስታውሳል። ከዚሁ ከማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ በ1939 በተሠራው ፊልም ላይ ያችን ሞግዚት ሆና የታየችው፣ በዚህም የአሜሪካን የፊልም አካዳሚ ሽልማት ከጥቁሮች ሁሉ በመጀመሪያ የተቀበለችው ሐቲ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የሐቲን ሕይወት የሚያነብ ሰው ግን ደስታና ቅሬታ ይደባለቁበታል። ምክንያቱም ይህች ሴት ከገረድነት ለመውጣት ገረድን መስላ መጫወት ግድ ሆኖባታል። በሕይወት ሳለች የራሷ ወገኖች፣ ይልቁንም የተማሩት፣ ስለ እንጀራዋ ስትል የዘሯን ክብር ሸጠች ብለው ወቅሰዋታል። እርሷ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ በሩ ይከፈት፣ ሌላው ቀስ በቀስ ይመጣል ባይ ነበረች። ከሁለቱ ወገን ማን እውነት እንዳለው ለመፍረድ ሕይወቷን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ሐቲ ጁን 10 ቀን 1893 በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ተወለደች። ለወላጆቿ አሥራ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረች፤ ከቀደሟት ልጆች ግን ለዐቅመ አዳምና ለዐቅመ ሔዋን ሳይደርሱ የሞቱ አሉ። አባቷ ሄንሪ ማክዳንየል በባርነት ተወልዶ ያደገ ሰው ሲሆን፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሰሜኑ ወገን ተሰልፎ በ122ኛው የጥቁሮች እግረኛ ጦር ውስጥ ተዋግቷል። ከጦርነቱ ጤናውን አጥቶ ተመለሰ። ስለ ነፃነት ተዋግቶ ሳለ የሚገባውን ጡረታ ለማግኘት ግን ብዙ ዓመት ደጅ መጥናት ነበረበት። እናቷ ሱዛን ሆልበርትም እንደ ባሏ ከባርነት የወጣች ስትሆን፣ በቤተ ክርስቲያን መዝሙሯ የታወቀች፣ በሰው ቤትም እያገለገለች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ነበረች። እንግዲህ ሐቲ ድምፅን ከእናቷ ወረሰች፤ የገረድንም ኑሮ ከመድረክ ሳይሆን ከቤቷ ተማረችው።

አዲሱ ክፍለ ዘመን ሲጠባ ቤተሰቡ ወደ ኮሎራዶ ተሻግሮ በመጀመሪያ በፎርት ኮሊንስ፣ ቀጥሎም በዴንቨር ተቀመጠ። በዚያ ሐቲ ጥቁሮች በጥቂት ቍጥር በሚማሩበት ትምህርት ቤት ገባች። ከነጮች ልጆች መካከል ተቀምጣ መዘመርና ግጥም በቃል ማንበብ የምትወድ፣ መምህሮቿም የሚያተጓት ልጅ ሆነች። በ1910 የመጠጥ ተቃዋሚ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ባዘጋጀው የንባብ ውድድር አንደኛ ወጥታ ተሸለመች። ይህ ሽልማት ልቧን አነሣሣው፤ ወዲያውም ትምህርቷን ሳትጨርስ ወደ መድረክ አዘነበለች። ወንድሞቿ ኦቲስና ሳም እኅቷም ኤታ ሁሉም ተጫዋቾች ስለ ነበሩ፣ ቤታቸው ራሱ እንደ ቴያትር ቤት ያለ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሚንስትረል የሚባል የጨዋታ ዓይነት ነበረ። መጀመሪያ ያወጡት ነጮች ሲሆኑ፣ ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቍረው ጥቁሮችን ሰነፍና ሞኝ አስመስለው እያሳዩ ሕዝብ የሚያስቁበት ነበር። ኋላ ጥቁሮቹም ወደ መድረክ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ስላልተፈቀደላቸው በዚሁ ገቡበት፤ ከእነርሱም መካከል ቀልዱን አዙረው የነጮቹን ኵራት መቀለጃ ያደረጉ ነበሩ። ሐቲም በአባቷና በወንድሞቿ ቡድን ከሠራች በኋላ፣ በ1914 ከእኅቷ ከኤታ ጋራ ሆና ሴቶች ብቻ የሚጫወቱበትን የማክዳንየል እኅትማማቾች ቡድን አቋቋመች። በሀያ አንድ ዓመቷ የቡድን መሪ፣ ዘፋኝና ቀልደኛ ሆነች ማለት ነው። ነገር ግን ሐዘኑም አልራቃትም። በ1911 ያገባችው የመጀመሪያ ባሏ በ1915 ሞተ፤ በሚከተለው ዓመትም የቡድኑ ምሰሶ የነበረው ወንድሟ ኦቲስ ሞተ።

ከ1920 ጀምሮ በዴንቨር የታወቀው ጆርጅ ሞሪሰን በሚመራው የሙዚቃ ጓድ ውስጥ እየዘፈነች ብዙ ከተሞችን ዞረች። በዚሁ ዐሥር ዓመት አጋማሽ ላይ በዴንቨር ራዲዮ ዘፈነች፤ በዚህም በራዲዮ ድምፃቸው ከተሰማው ጥቁር ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ ተራ ትቈጠራለች። ከ1926 እስከ 1929 ባለው ጊዜ ደግሞ ብሉዝ የሚባለውን ዘፈን፣ አንዳንዱንም ራሷ ደርሳ፣ በሸክላ አስቀረጸች። ነገሩ ሁሉ የተቃና ሲመስል በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ የቴያትር ጓዶችም እየተበተኑ ተጫዋቹ ሁሉ ሥራ ፈታ።

በዚያ ጊዜ ሐቲ በሚልዎኪ ከተማ አጠገብ ባለ ክለብ ማድሪድ በተባለ የምሽት ቤት ያገኘችው ሥራ የሴቶችን መጸዳጃ ቤት መጠበቅና ለገቡት እመቤቶች ፎጣ ማቀበል ነበር። ወደ ሀያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በመድረክ የቆየችው ሴት አሁን ከግድግዳው በስተጀርባ ሆና የሌሎችን ዘፈን ታዳምጥ ጀመር። የቤቱ ደንብ በመድረኩ ላይ የሚዘፍኑት ነጮች ብቻ እንዲሆኑ ነበር። ከዕለታት አንድ ምሽት ግን ዘፋኞቹ በሄዱበት ሰዓት እንድትዘፍን ዕድል ተሰጣት። ወጥታ «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ» የተባለውን ዘፈን ብትዘፍን ተመልካቹ አላስወርድ አላት፤ ከዚያም ወዲያ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሳትመለስ የቤቱ ዘፋኝ ሆና ቀረች።

በ1931 ወንድሟ ሳምና እኅቶቿ ወደሚኖሩበት ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደች። ሆሊውድ ግን በሩን በቀላሉ የሚከፍት አልነበረም። የፊልም ሥራ በጠፋ ጊዜ በሰው ቤት ወጥ እየሠራችና ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር። ወንድሟ ሳም በአንድ የራዲዮ ፕሮግራም ላይ ይሠራ ስለ ነበር እርሷንም አስገባት። በዚያም ወሰኗን ረስታ በአሠሪዎቿ ላይ የምታዝዝ ገረድ ሆና ትጫወት ጀመር። ለመጀመሪያው ቀን የምሽት ግብዣ የሚለበስ ልብስ ለብሳ ብትመጣ ባልደረቦቿ «ሃይ ሃት ሐቲ» የሚል ስም አወጡላት ይባላል። ሕዝብ ወደዳት፤ ደመወዙ ግን ከእጅ ወደ አፍ እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ በራዲዮ ገረድ ሆና እየተጫወተች፣ ከራዲዮ ቤት ስትወጣ በእውነት ገረድ ሆና ትሠራ ነበር። በሕይወቷ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር የለም።

በ1932 በፊልም መታየት ጀመረች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስሟ እንኳ አይጻፍም ነበር፤ ከሠራቻቸው ብዙ ፊልሞች ስሟ የተጻፈባቸው ሰማንያ ያህል ብቻ ናቸው። በ1934 ጆን ፎርድ ባዘጋጀው «ጀጅ ፕሪስት» በተባለው ፊልም ከታዋቂው ከዊል ሮጀርስ ጋራ አብራ ዘፈነች። ከዚያም በ1935 ከሕፃኗ ከሸርሊ ቴምፕል ጋራ፣ በዚያው ዓመት «አሊስ አዳምስ» በተባለው ፊልም ከካትሪን ሄፕበርን ጋራ፣ በ1936 ደግሞ «ሾው ቦት» በተባለው ፊልም ከታላቁ ዘፋኝ ከፖል ሮብሰን ጋራ ታየች። የተሰጣት ሚና ሁሉ አንድ ነው፤ ወይ ወጥ ቤት ናት፣ ወይ ሞግዚት ናት፣ ወይ ገረድ ናት።

ሆኖም አጨዋወቷን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በ«አሊስ አዳምስ» ውስጥ ድኻው ቤተሰብ እንግዳ ጋብዞ ባለጸጋ ለመምሰል ሲል ለአንድ ምሽት የሚቀጥራት ገረድ ናት። ብዙ ቃል አትናገርም። ማስቲካዋን እያኘከች፣ ወጭቱን ይዛ ዝግ ብላ እየገባች፣ ፊቷን ብቻ እያሳየች የዚያን ቤት ባዶ ኵራት ታጋልጠዋለች። በ1938 በሠራችው ሌላ ፊልም ደግሞ በሄንሪ ፎንዳ ፊት ላይ ውሃ ትደፋበታለች። ገረዶቿ አጐንብሰው እሺ የሚሉ አይደሉም፤ ያጕረመርማሉ፣ ይመልሳሉ፣ ጌቶቻቸውን ይታዘባሉ። በዚህም ምክንያት በደቡብ አሜሪካ ያሉ ነጮች ጥቁር ገረድ እንዲህ ከአሠሪዋ ጋራ እኩል ስትናገር መታየቷን የማይወዱ ነበሩ። እንግዲህ ሐቲ ከሁለት ወገን ትወቀስ ነበር፤ ነጮቹ በዛባት ሲሉ ጥቁሮቹ አነሳት ይሉ ነበር።

የሕይወቷ ትልቁ ሥራ በ1939 መጣ። ዴቪድ ሴልዝኒክ የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ በፊልም ሊያወጣ ሲነሣ ለሞግዚቷ ሚና ብዙ ሴቶች ተፈተኑ፤ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቤት ታገለግል የነበረች ሴት ሳትቀር ተፈትናለች። ሐቲ ለፈተናው የመጣችው የገረድ ልብስ ለብሳ ነበር ይባላል። ሚናውን አገኘች። መጽሐፉ ግን በጥቁሮች ዘንድ የተወደደ አልነበረም፤ የባርነትን ዘመን እንደ መልካም ዘመን ያወሳልና። የጥቁሮች መብት ማኅበርና ጥቁሮች የሚያሳትሟቸው ጋዜጦች አስቀድመው በመቃወማቸው፣ ሴልዝኒክ ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ክፉ ስድብ ከፊልሙ አወጣው። የተረፈው ታሪክ ግን ያው የባሪያ አሳዳሪዎች ታሪክ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐቲ ያደረገችው ምንድር ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ በፊልሙ ፍጻሜ አጠገብ ያለው ነው። የስካርሌትና የሬት በትለር ትንሽ ልጅ ከፈረስ ወድቃ ሞታለች። ሞግዚቷ ሜላኒን ይዛ በደረጃው ላይ እየወጣች፣ አባትየው ሐዘን አእምሮውን እንዳሳተው፣ የልጁን ሬሳ አላስቀብር እንዳለ፣ ባልና ሚስቱም እንዴት እርስ በርስ እንደሚካሰሱ እያለቀሰች ትነግራታለች። ደረጃው ረጅም ነው፤ እርሷም አረጋዊት ሆና ትታያለች። እስከዚያ ድረስ የቤቱ አሠሪ ስትቈጣና ሲያስቃት ያየናት ሴት እዚያ ላይ የቤቱን ሐዘን ሁሉ በትከሻዋ ተሸክማ ትወጣለች። በዚያ ሰዓት ገረድ መሆኗን ተመልካቹ ይረሳዋል፤ ሰው ብቻ ትሆንበታለች። ሽልማቱን ያገኘችው ስለዚህ ቦታ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲሴምበር 15 ቀን 1939 በጆርጂያ ግዛት በአትላንታ ከተማ ሲታይ ታላቅ በዓል ተደረገ። ነጮቹ ተዋንያን ሁሉ ተጠርተው በሰልፍ ገቡ። ሐቲና ሌሎቹ ጥቁር ተዋንያን ግን አልተገኙም፤ የግዛቱ ሕግ ጥቁርና ነጭ በአንድ አዳራሽ እንዲቀመጡ አይፈቅድም ነበርና። የሰው አገር ሰው ሁሉ ፊቷን በመጋረጃው ላይ እያየ ሲያጨበጭብ፣ ባለፊቷ በአዳራሹ ውስጥ ቦታ አልነበራትም።

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 በሎስ አንጀለስ በአምባሳደር ሆቴል የአካዳሚው የሽልማት ግብዣ ተደረገ። ሆቴሉ ጥቁር እንግዳ የማያስገባ ስለ ነበር፣ ሐቲ እንድትገባ ሴልዝኒክ በልዩ መለመን ነበረበት። ከገባችም በኋላ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ጋራ አልተቀመጠችም። በአዳራሹ ዳር ግድግዳ ተጠግታ በተዘጋጀች ትንሽ ጠረጴዛ ከአጃቢዋና ከሥራ ወኪሏ ጋራ ተቀመጠች። በጠጕሯ ላይ ጋርዲኒያ የሚባለውን ነጭ አበባ ሰክታ ነበር። በረዳት ተዋናይትነት ከተመረጡት አንዷ በዚያው ፊልም ሜላኒን ሆና የተጫወተችው ኦሊቪያ ደ ሐቪላንድ ነበረች። ስሟ ሲጠራ ከዳር ጠረጴዛዋ ተነሥታ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አልፋ ወጣች፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። በአጭር ንግግሯም ለዘሯና ለሙያዋ ዘወትር መልካም ስም የምታስገኝ እንድትሆን ተመኘች፤ ልቧም ስለ ሞላ ንግግሯን በዕንባ ፈጸመች። ከዚያም ተመልሳ በዚያችው ዳር ጠረጴዛ ተቀመጠች።

የተሰጣት ሽልማት ዛሬ የምናውቀው የወርቅ ቀለም ያለው ሐውልት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ለረዳት ተዋንያን የሚሰጠው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነበር። ከእርሷ በኋላ ሌላ ጥቁር ሴት ይህን ሽልማት እስክትቀበል ድረስ ሃምሳ አንድ ዓመት አለፈ፤ እርሷም በ1991 የተሸለመችው ሁፒ ጎልድበርግ ናት። ከወንዶች ሲድኒ ፖይቲየር በዋና ተዋናይነት የተሸለመው በ1964 ነው።

ከሽልማቱ በኋላ ሚናዋ ይለወጣል ብሎ ያሰበ ሁሉ ተሳስቷል። ያው ሽርጥ፣ ያው ሻሽ ቀጠለ። ትንሽ ለየት ያለው በ1942 ከቤቲ ዴቪስ ጋራ የሠራችው ፊልም ነው። በዚያ ውስጥ ልጇ የሕግ ትምህርት ለመማር የሚጥር ትጕህ ወጣት ሲሆን፣ አንዲት ነጭ ሴት ሰው ገጭታ አምልጣ ወንጀሉን በእርሱ ላይ ታላክካለች። ሐቲም እናት ሆና ስለ ልጇ እውነት ትመሰክራለች። እንዲህ ያለው ሚና ግን ለብልጭታ ያህል ታይቶ ጠፋ።

በዚያው ዓመት የጥቁሮች መብት ማኅበር ዋና ጸሐፊ ዋልተር ዋይት ወደ ሆሊውድ መጥቶ ከፊልም ኩባንያዎች አለቆች ጋራ ተነጋገረ። ጥቁር በፊልም ላይ ገረድና አሽከር ብቻ ሆኖ መታየቱ ይቅር፣ ሐኪምም ጠበቃም መምህርም ሆኖ ይታይ የሚል ነበር ነገሩ። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ለመሆኑ ዛሬ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን በዚህ ሥራ እንጀራቸውን የሚበሉት ጥቁር ተዋንያን ሳይጠየቁ ስለ እነርሱ ተነገረ። ሐቲም ይህ አስቈጣት። በሰባት ዶላር በእውነት ገረድ ከመሆን በሰባት መቶ ዶላር ገረድ መስሎ መጫወት ይሻላል የሚል ክርክር ነበራት። ደግሞም የገረድ ሥራ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፣ እናቴም ያሳደገችኝ በዚያ ነው ባይ ነበረች። ይህን ስትል ግን የተቺዎቿን ዋና ነገር አልመለሰችም፤ እነርሱ ገረድ መሆን ያሳፍራል አላሉም፣ ጥቁር ሁሉ ገረድ ብቻ ሆኖ መታየቱ ያሳፍራል ነው ያሉት።

በዚያን ጊዜ ማኅበሩ ለአዲሱ ዓይነት ሚና ምሳሌ ትሆናለች ያላት ወጣቷ ዘፋኝ ሊና ሆርን ነበረች። አንዳንድ ጥቁር ተዋንያን እንጀራችንን ልታሳጣን መጣች ብለው ፊት ነሷት። ሐቲ ግን ወደ ቤቷ ጠርታ አስተናገደቻት፤ የምትኖርበትን ኑሮ አሳየቻት፤ ልጆች እንዳሏትና ለእነርሱ የሚበጀውን እንድትሠራ መከረቻት። ሊና ሆርን ይህን ደግነቷን ከብዙ ዓመት በኋላ አስታውሳ ተርካለች። በአሳብ ተቃራኒዋ ለሆነው ወገን ምልክት የሆነችውን ልጅ እንዲህ መቀበሏ የሐቲን ልብ ይገልጣል።

ደግሞም ሐቲ ዝም ብላ የምትገዛ ሴት እንዳልነበረች የቤቷ ክርክር ይመሰክራል። በሎስ አንጀለስ ሹገር ሂል በሚባለው የከበርቴዎች ሰፈር ትልቅ ቤት ገዝታ ነበር። ተዋናዮቹ ሉዊዝ ቢቨርስና ኤቴል ዎተርስም በዚያው ይኖሩ ነበር። በቤቶቹ የሽያጭ ውል ላይ ግን ቦታው ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚል ቃል ተጽፎበት ስለ ነበር፣ አንዳንድ ነጭ ጎረቤቶች ጥቁሮቹ ከቤታቸው እንዲወጡ ከሰሱ። ሐቲ ጎረቤቶቿን በየቅዳሜው በቤቷ እየሰበሰበች አስተባበረች፤ ለጥብቅናውም ሎረን ሚለር የተባለው ጥቁር ጠበቃ ቆመ። በዲሴምበር 1945 ዳኛው ተርመንድ ክላርክ ሰፈሩን ራሱ ሄዶ ካየ በኋላ፣ ሕገ መንግሥቱ ለጥቁሮች የሰጠው መብት እንዲሁ በወረቀት የሚቀር እንዳይደለ ወስኖ ክሱን ሰረዘ። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ውል በፍርድ ቤት ሊፈጸም እንደማይችል በመላው አገር ሲፈርድ፣ ከተከራከሩት ጠበቆች አንዱ ይኸው ሎረን ሚለር ነበር። በፊልም ላይ የሌላውን ቤት ስትጠርግ የምትታየው ሴት በእውነተኛው ኑሮዋ የራሷን ቤት በፍርድ አስከበረች።

አሁን ወደ ድምፅ ሥራዋ እንመለስ። በአሜሪካ ራዲዮ ቢዩላ የምትባል የአንዲት ጥቁር ገረድ ታሪክ ይሰማ ነበር። የሚገርመው ይህችን ጥቁር ሴት በድምፁ የሚጫወታት ማርሊን ኸርት የተባለ ነጭ ወንድ መሆኑ ነው። እርሱ በ1946 ሲሞት ደግሞ በሌላ ነጭ ወንድ ተተካ። በራዲዮ መልክ አይታይምና፣ ሰሚው ሕዝብ ጥቁር ሴት የሚያውቀው ነጭ ወንድ አፉን ሲያጣምም በሰማው መጠን ነበር። በኖቬምበር 1947 ይህ ሚና ለሐቲ ተሰጠ። እርሷም ዝም ብላ አልተቀበለችም። ጥቁሮች እንዲህ ይናገራሉ ተብሎ በፊልምና በራዲዮ የሚቀለድበትን የተሰባበረ አነጋገር እንደማትናገር፣ የማይስማማትን ጽሑፍም እንድትለውጥ እንዲፈቀድላት በውሉ ላይ አስገባች። በሳምንት አምስት ምሽት፣ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ፣ ድምፅዋ ሚሊዮኖች ቤት ይገባ ጀመር፤ በሳምንት አንድ ሺሕ ዶላር ይከፈላት ነበር። በአገር አቀፍ ራዲዮ የራሷን አስቂኝ ፕሮግራም የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እርሷ ናት።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ቢዩላ ያው ገረድ ናት። ነገር ግን ሚናው ያው ሆኖ ሳለ ድምፁ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ስለ ጥቁር ሴት ሌላው ይናገርላት ነበር፤ አሁን በራሷ አንደበት፣ በተቃና ቋንቋ ተናገረች። ከሽልማቱ ይልቅ ይህ የበለጠ ድል ነው ቢባል ስሕተት አይመስለኝም፤ ሽልማቱን ሌሎች ሰጧት፣ ይህን ግን ራሷ ተዋውላ ወሰደችው።

ቢዩላ በ1950 ወደ ቴሌቪዥን ስትሻገር በመጀመሪያ የተጫወተችው ኤቴል ዎተርስ ነበረች። በ1951 ሐቲ ተተክታ ጥቂት ክፍሎች እንደ ሠራች ታመመች። በሽታው ኋላ የጡት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በኑዛዜዋ ነጭ ሣጥን፣ ነጭ መግነዝ፣ በጠጕሯና በእጇም ነጭ ጋርዲኒያ እንዲደረግላት ጠየቀች፤ በሽልማቱ ምሽት የሰካችው አበባ መሆኑ ነው። የምትቀበረውም ታላላቆቹ የፊልም ሰዎች ባረፉበት በሆሊውድ መቃብር እንዲሆን ተመኘች፤ ያ ባይሆን ደግሞ ሮዝዴል የተባለውን ስፍራ በሁለተኛነት መርጣ ነበር። ለሁለተኛው ማሰቧ ራሱ አገሯን እንደምታውቀው ያሳያል። ኦክቶበር 26 ቀን 1952 በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ አረፈች። የሆሊውድ መቃብር ጥቁር አይቀበልም ስለ ነበር ከለከላት፤ የሁሉም ዘር ሰው በሚቀበርበት በሮዝዴል ተቀበረች።

አራት ጊዜ አግብታ ነበር፤ ልጅ ግን አልወለደችም። ከሞተች በኋላ ንብረቷ ለግብር ዕዳ እንኳ አልበቃም። የሽልማቱ ሰሌዳ እንደ ኑዛዜዋ በዋሽንግተን ወዳለው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በአሜሪካ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱት ዶክተር መላኩ በያን የሕክምና ትምህርታቸውን የተማሩት በዚያ ነው። ሰሌዳው በዚያ ለተማሪዎች ይታይ ከነበረ በኋላ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ መካከል ባለው ጊዜ የገባበት ጠፋ። አካዳሚው በምትኩ ሌላ ሠርቶ በኦክቶበር 1 ቀን 2023 ለዩኒቨርሲቲው አስረከበ። የመቃብሩም ነገር እንዲሁ ነው። በ1999 የሆሊውድ መቃብር አዲስ ባለቤት ዐጽሟን አፍልሶ ለማምጣት ቢጠይቅ ቤተ ዘመዶቿ ባረፈችበት ትረፍ አሉ፤ እርሱም በዚያ የመታሰቢያ ሐውልት አቆመላት። በሆሊውድ መንገድ ላይ ስማቸው በኮከብ ከተጻፈላቸው ሰዎች መካከልም ለእርሷ ሁለት ኮከብ አላት፤ አንዱ ለፊልም፣ አንዱ ለራዲዮ። በ2006 ምስሏ በአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጣ።

እንግዲህ ፍርዱ ምን ይሁን? ለእኔ እንደሚመስለኝ ወቃሾቿ በጠየቁት ነገር እውነት ነበራቸው። እነርሱ ባይጮኹ ኖሮ በሩ እንደ ጠበበ ይቀር ነበር፤ ስድቡም ከፊልሙ ባልወጣ ነበር። የተሳሳቱት ወቀሳውን በሩን ባጠበበው ላይ ሳይሆን በጠባቡ በር ተጨንቃ በገባችው ላይ በማብዛታቸው ነው። ያች ሴት በዚያ በር ባትገባ ሌላ የሚከፈትላት አልነበረም፤ ያለፈችበት የመጸዳጃ ቤት ሥራ ይጠብቃት ነበር። ገብታም ዝም አላለችም፤ በፊቷ ተናገረች፣ በውሏ ተናገረች፣ በፍርድ ቤት ተናገረች።

ይህን ክርክር የሩቅ አገር ክርክር አድርገን እንዳንመለከተው ያስፈልጋል። እኛ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን ስለ ክብርና ስለ መብት ስንጽፍ፣ ከመካከላችን እናቱ ወይም እኅቱ በሰው ጓዳ ሠርታ ያስተማረችው ጓደኛ አይጠፋም። ስለዚህ ስለ ክብር ስንናገር፣ ክብር የሌለው የሰው ቤት ሥራ ሳይሆን ሰውን ከዚያ ሥራ እንዳይወጣ የሚያግደው ደንብ መሆኑን እንለይ። የሐቲ ማክዳንየል ሕይወት የሚያስተምረን ይህን ነው። መቃብሩን ከለከሏት፤ ስሟ ግን እነሆ ከመቃብሩ በላይ ዋለ።